በብርድ ልብስ ሱቅ የወለድኩት ልጅ

ሰው በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ሰላይ ይሆናል ብሎ የሚያስብ የለም። በዚህ ዕድሜ ከእኔ የሚጠበቀው ደም ግፊቴን መለካት፣ ሠርግ ላይ ከሽማግሌዎች ተርታ መቀመጥና «በእኛ ጊዜ» እያልኩ ወጣቶችን ማሰልቸት ነበር። ግን መብራት የሚባል ነገር አለ። ወልቂጤ ውስጥ በርና ቁም ሣጥን የምሠራባት አንዲት ወርክሾፕ አለችኝ። መብራት ሲኖር እንጨት እሰነጥቃለሁ፤ ሲጠፋ ወሬ እሰነጥቃለሁ። ባለፈው ክረምት ወሬው ከእንጨቱ በለጠና ባለቤቴ ሣራ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን አፍህን የሚቀጥር ቢገኝ እኮ ሀብታም ነበርን» አለችኝ።

ጌታ ሰማት መሰለኝ፣ አፌን የሚቀጥር ተገኘ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ነው። ሥራው «ስውር ደንበኛ» ይባላል። ደንበኛ መስለህ ሱቅ ትገባለህ፤ ትጠይቃለህ፣ ታገላብጣለህ፣ አንዳንዴም ትገዛለህ። ኪስህ ውስጥ ስልክህ ድምፅ ይቀዳል። ስትወጣ ሻጯ እንዴት እንዳስተናገደችህ ቅጽ ሞልተህ ከነድምፁ ትልካለህ። ሻጯ ማን እንደሆንክ አታውቅም፤ የሚከፈልህም እንዳታውቅ ነው። ለእኔ የደረሰኝ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው የፍራሽና የብርድ ልብስ ነጋዴ ኩባንያ ነበር።

መጀመሪያ የተላክሁት እዚሁ ወልቂጤ ወዳለው ቅርንጫፍ ነው። ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩ፣ ጥቁር መነጽር አጠለቅሁ፣ ድምፄን አጎርንኜ «ብርድ ልብስ ይኖራል?» አልኩ። ሻጩ ቀና እንኳን ሳይል፣ «ብርድ ልብስማ አለ፤ ቁም ሣጥኔ ነው የሌለው። ለፋሲካ ያልከኝ የትኛውን ፋሲካ ነው?» አለኝ። በዚያው እግሬ ወጣሁ። ተቆጣጣሪዬ፣ በስልክ እንጂ በአካል የማላውቃት ቀዝቃዛ ድምፅ ያላት ወጣት ሴት፣ «እንግዲያው የማይታወቁበት ከተማ ይሂዱ» ብላ ቡታጅራን ሰጠችኝ።

ከሥራው ጋር አንድ ገጽ መመሪያ መጣ። «ለራስዎ የሚሆን ባለ አንድ ሰው ብርድ ልብስ ይጠይቁ። ከዚህ ውጭ ምንም ዓይነት ታሪክ አይጨምሩ» ይላል። ታሪክ አይጨምሩ! ያውም ለእኔ! ዝንጀሮን ገደል አትይ ማለት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቡታጅራ ገባሁ። ስም አዘጋጅቻለሁ፤ አቶ ተስፋዬ፣ ከአዳማ፣ የመንግሥት ሠራተኛ። መንገዱን ሙሉ «ተስፋዬ፣ ተስፋዬ» እያልኩ ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ልጄ የጠፋ መስሏቸው፣ «አይዞህ፣ ይገኛል» አሉኝ።

ሱቁ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሻሿን ጥንቅቅ አድርጋ ያሰረች አንዲት ልጅ ብቻዋን ነበረች። ደረቷ ላይ «ሰሚራ» የሚል ስም ተለጥፏል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ግባ ጋሼ» አለችኝ።

የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ሻጯ ‹እንኳን ወደ ሱቃችን በደህና መጡ፤ ምን ልርዳዎት?› ብላለች?» የሚል ነው። አላለችም። በሆዴ አንድ ዜሮ መዘገብኩ። እሷ ግን ላቤን አይታ ወንበር አመጣችልኝ፣ ውኃም ጨመረች። ስለ ወንበርና ስለ ውኃ ቅጹ ምንም አይልም።

«ብርድ ልብስ ፈልጌ ነበር።»

«ለማን ነው?»

እዚህ ላይ «ለራሴ» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ፊደል ነች፤ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅም ይላታል። ግን ከልጅቷ ትከሻ በላይ፣ ዳክዬ የተሣለባት አንዲት የሕፃን ብርድ ልብስ ተንጠልጥላ አየሁ። አፌም ባለቤቱን ሳያማክር፣ «ሚስቴ ወልዳ ነው» አለ።

ሚስቴ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። የመጨረሻው ልጃችን ጺሙን የሚላጨው በእኔ ምላጭ ነው።

«ማሻአላህ! መቼ?»

«ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ። አራት ኪሎ ተኩል።» ዓሣ የያዝኩ ይመስል እጄንም ዘርግቼ አሳየኋት።

ሰሚራ ፊቷ በራ፣ ከዚያ ወዲያው ጠቆረ። «ሦስት ቀን የሆናትን አራስ ትተህ ነው የመጣኸው? ከየት?»

አቶ ተስፋዬ ከአዳማ ብቅ ማለት የነበረበት አሁን ነው። ብቅም ሊል ነበር። እሷ ግን አስከትላ፣ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ። እኛ አገር ሰው ስለ ዕድሜው ይዋሻል፤ ስለ ሚስቱ ይዋሻል፤ ስለ በጉ ክብደትማ መዋሸት ግዴታው ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ አባቱን የሚክድ አፍ ግን ገና አልተፈጠረም። የአባቴን ስም ነገርኳት፤ የአያቴን ጨመርኩ፤ ጉንችሬ አጠገብ ያለውን መንደራችንን፣ ወልቂጤ የምኖርበትን ሰፈር፣ የወርክሾፔን በር ቀለም ሳይቀር ዘረዘርኩ። ሰላይ ሆኜ ገብቼ ራሴን በፈቃዴ አስረክቤ ቁጭ አልኩ።

«ወልቂጤ ብርድ ልብስ የለም እንዴ?»

«እንደ እናንተ ዓይነት የለም።» የአንድ ኩባንያ ሁለት ቅርንጫፍ ነው፤ ዕቃው የሚመጣው በአንድ መኪና ነው።

ልጅቷ ግን ሐሳቧ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ሄዷል። «ቅቤስ አላት?» አለችኝ።

«አለ… ትንሽ።»

«ትንሽ! አራስ በትንሽ ቅቤ! ሰው አይደላችሁም እንዴ?» ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች። «እናቴ ትናንት ከእንሴኖ የላከችልኝ ንጹሕ ቅቤ አለ። ቤቴ እዚሁ ከጀርባ ነው። ጋሼ፣ ሱቋን እያት፣ መጣሁ!»

ወጥታ ሮጠች።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አስበው። ሱቋን እንድሰልል የተላክሁት ሰው ሱቋን እየጠበቅሁ ቁጭ ብያለሁ። ከዚያ አንድ ሰውዬ ገብተው ትራስ ጠየቁ። ምን ልበላቸው? «ሰላይ ነኝ» አይባል። ሁለት ትራስ ሸጥኩላቸው፤ «አንገትዎን እንዳያምዎ» ብዬ ወፍራሙን መረጥኩላቸው፤ እሳቸውም መረቁኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ መልካም ሻጭ ሆኜ አላውቅም። ይህ ሁሉ ኪሴ ውስጥ ይቀዳል።

ሰሚራ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ሕፃን የሚያህል ቅቤ ታቅፋ፣ እያለከለከች ተመለሰች። «አልቀበልም» አልኩ። «የአንተ መሰለህ? የአራሷ ነው!» አለችና እቅፌ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ እንዲህ አለችኝ። «እናቴ ታናሼን የወለደችው አባቴ በሞተ በሁለተኛው ወር ነው። ጎረቤት ነው በቅቤ ያነሣት። እኔ ያኔ ትንሽ ነበርኩ፤ ግን በሩን እየከፈትኩ የማስገባው እኔ ስለነበርኩ ማን ማን እንደመጣ ዛሬም አንድ በአንድ እቆጥርልሃለሁ። አሁን ታናሼን የማስተምረው በዚህች ሱቅ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።»

ብርድ ልብሷን ገዝቼ ወጣሁ። ከነዳክዬዋ።

ቤት ስገባ ሣራ ቅቤውን አይታ «ከየት ነው?» አለች። «ደንበኛ ሰጥቶኝ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ማን የማን ደንበኛ እንደሆነ ብቻ አላብራራሁም። ብርድ ልብሷን ወርክሾፕ ውስጥ ከመጋዝ ብናኝ ጀርባ ደበቅኋት።

አርብ ቅጹን ለመሙላት ተቀመጥኩ። እስከ አሥራ ስምንተኛው ጥያቄ ተንደረደርኩ። አሥራ ዘጠነኛው፣ «ሻጯ በሥራ ሰዓት ሱቁን ጥላ ወጥታለች?» ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ «መልስዎ ‹አዎ› ከሆነ ሻጯ የምትሰናበት ስለሆነ በድምፅ ማስረጃ ያስደግፉ» የሚል አለ። ማስረጃውማ ሞልቷል! ከነትራሱ!

ተቆጣጣሪዬ ደወለች። «ሪፖርቱ ዘገየ።»

«አንድ ጥያቄ ከብዶኝ ነው።»

«ጥያቄዎቹ እኮ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ናቸው።»

«ያ ነው የከበደኝ። ለሦስተኛ መልስ ቦታ የለውም።»

«እስከ ቅዳሜ ማታ» ብላ ዘጋች።

ያን ሌሊት የተኛሁት በግራ ጎኔ ብቻ ነው። ወደ ቀኝ ስዞር ልጅቷ ስትባረር ትታየኛለች። «አይደለም» ብዬ ልጻፍ? ቀጣሪዬን ማታለል ነው፤ ድምፁም ያጋልጠኛል። «አዎ» ልበል? የእኔን ውሸት አምና በሮጠች እንጀራዋን ልነጥቃት ነው። ሌባ እንኳን የሚወስደው የሰረቀውን ነው፤ እኔ የሰጠችኝን ተቀብዬ ነው የምከሳት።

ቅዳሜ ጠዋት ሣራ ገበያ ሄደች። ስትመለስ ዘንቢሏን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

«መውለዴን ከሽንኩርት ሻጭ ሰማሁ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሚራ የአራሷ ነገር አላስችላት ብሎ ወልቂጤ ገበያ ሽንኩርት ለምትሸጥ አክስቷ ደውላለች፤ «የእገሌ ልጅ ሚስት ወልዳለች፣ ጠይቁልኝ» ብላ። አክስቲቱ ለገበያው ነገረች፤ ገበያው ለሰፈሩ። ሌላ ሴት ብትሆን «ሃምሳ አንድ ዓመት? ተዉ እንጂ!» ተብሎ ወሬው እዚያው ይሞት ነበር። የእኔ ሚስት ግን ስሟ ሣራ ነው። የመጽሐፍ ቅዱሷ ሣራ በዘጠና ዓመቷ ከወለደች የወልቂጤዋ በሃምሳ አንድ ዓመቷ ምን ያቅታታል? ፓስተራችን ሳይቀሩ ገበያ መሐል እጇን ይዘው «ሃሌ ሉያ» ብለዋታል።

ሁሉንም ተናዘዝኩ። ድምፁንም አሰማኋት። ትራስ ስሸጥ ሣራ መሬት ላይ ተቀምጣ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ቅጂውን ወደ ኋላ መልሼ ሰሚራ ስትወጣ ያለውን አሰማኋት፤ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ አስፋልቱ ላይ ጠፍ ጠፍ ጠፍ እያለ ይርቃል። ሣራ ሳቋን አቆመች።

«እየሮጠች ነው?»

«አዎ።»

«ለእኔ ነው የምትሮጠው?»

«ለአንቺ ነው።»

የሳቅ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ፣ «በዕድሜዬ ለእኔ ብሎ እንዲህ የሮጠ ሰው የለም» አለች። «አንተንም ጨምሮ።»

ለዚህ መልስ ሳዘጋጅ በሩ ተንኳኳ።

በራችን ላይ አንዲት ቀጠን ያሉ እናት ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የአጃ ዱቄት፣ በሌላው እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዘዋል። «የሰሚራ እናት ነኝ፣ ከድጃ» አሉ። «ሰፈራችሁን ልጄ ነግራኝ ከእንሴኖ ነው የመጣሁት። ዶሮዋን በነፍሷ ያመጣኋት እናንተው በእጃችሁ እንድታርዷት ብዬ ነው። አራሷ የት ናት?»

ሣራ ወደ እኔ ዞረች። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር ያን ዓይን አይቼው አላውቅም። «እናቴ፣ ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አለቻቸው። ከዚያ ለእኔ፣ «ንገራቸው» አለችኝ።

ነገርኳቸው። ቋንቋዬ ሁሉ ጠፍቶብኝ፣ አማርኛውም ጉራግኛውም እየተጋጨብኝ፣ ምንም ሳላጋንን ነገርኳቸው። ምንም ሳላጋንን የተናገርኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ወይዘሮ ከድጃ እስክጨርስ ዶሮዋን ጭናቸው ላይ አድርገው ያሻሹ ነበር።

«ልጅ የለም?» አሉ።

«የለም።»

«ቅቤው?»

«ኩሽና ነው፤ አልነካነውም።»

«ቅቤውን ተወው። ልጄ በዚህ ነገር ከሥራ ትወጣለች ወይ?»

ዓይኔን ዶሮዋ ላይ ተከልኩ። ገባቸው። እኔ እርግማን ጠብቄ ነበር። እሳቸው ዶሮዋን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አኖሩና፣ «አንተ ሰውዬ፣ የምቀጣህ እኔ አይደለሁም። ልጄን ብቻ መልስልኝ» አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ተቆጣጣሪዬ ጋ ደወልኩና የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈትኩት፤ ሦስታችንም እንድንሰማ።

«መመሪያችሁን ጥሻለሁ» አልኳት። «ታሪክ አትጨምር ተብዬ ታሪክ ጨምሬያለሁ።»

«ምን ዓይነት ታሪክ?»

«ልጅ።»

«ምን?»

«ሚስቴ ወልዳለች ብያለሁ። አራት ኪሎ ተኩል።»

«ሚስትዎ ወልደዋል?»

«አልወለድኩም!» አለች ሣራ ከጎኔ።

«ሻጯ ከሱቅ የወጣችው በእኔ ውሸት ነው» አልኩ። «ጥፋት የሚባል ካለ የእኔ ነው።»

ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ። «መመሪያ የጣሰ ጉብኝት አይቆጠርም» አለች፤ እንደ ሁልጊዜው በረዶ ሆና። «ጉብኝቱ ተሰርዟል፤ በሻጯ ላይ የሚያዝ ነገር የለም። ድምፁን አይላኩት። እርስዎም ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዘዋል።» ከመዝጋቷ በፊት ግን፣ ምናልባት መስሎኝ ይሆናል፣ በረዶው ትንሽ ቀለጠ፤ «አራት ኪሎ ተኩል አሉ?» ብላ ሳቋን ስትውጥ ሰማሁ።

ሰው ከሥራ ተባርሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ሣራ ወይዘሮ ከድጃን አጃውን እንዲመልሱ ለመነቻቸው። «አይሆንም» አሉ። «አራስ ባይኖር ሰው አለ።» ምሳ አብረውን በሉ፤ ሣራን «የሌለ ልጅሽን አላህ ያሳድግልሽ» እያሉ አሳቋት። ሊሄዱ ሲነሡ ግን ወደ እኔ ዞሩ። «ለሰሚራ እኔ አልነግራትም። የዋሸሃት አንተ ነህ።»

ሰኞ ቡታጅራ ሄድኩ። ያለ ኮፍያ፣ ያለ መነጽር።

«ልጁ እንዴት ነው?» አለችኝ ሰሚራ ገና በሩ ላይ ስታየኝ። ቆሜ ነገርኳት። ወንበር አላመጣችልኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። የታጠፉትን ብርድ ልብሶች እየፈታች እንደገና ታጥፍ ጀመር።

«ሥራሽ ሰላም ነው፤ ምንም አይነካሽም» አልኳት።

«ስልክህ ያን ቀን ይቀዳ ነበር?»

«ይቀዳ ነበር።»

«ስለ አባቴ ስነግርህም?»

«… አዎ። አጥፍቼዋለሁ፣ ሰሚራ። ከሥሩ ነው ያጠፋሁት።»

«አንተ አጠፋኸው» አለች። «እኔ ግን ተናግሬዋለሁ።»

ኮፍያዬን ላወርድ እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ፤ ኮፍያ አላደረግሁም።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እየመቱ ገቡ። ከመስቃን ገጠር ነው የመጡት፤ ጋሪያቸው ከአስፋልቱ ማዶ ቆሟል። ሰሚራ ቀጥ ብላ ቆመች። «እንኳን ወደ ሱቃችን በደህና መጡ፤ ምን ልርዳዎት?» አለች። ሽማግሌው ከኋላቸው ማን እንደገባ ለማየት ዞሩ። ማንም የለም። «እኔን ነው?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

ፍራሽ ገዙ፤ ትልቁን። «ልጄ፣ ባለ ጋሪው ፈረሱን ትቶ መምጣት አይችልም። እስከ ማዶ ያዢልኝ እስቲ» አሉ።

ሰሚራ ሽማግሌውን አየች። ከዘራቸውን አየች፤ ከዚያ የኮታቸውን ኪስ አየች፤ ኪሱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይቅርታ፣ ከሱቅ መውጣት አልችልም» አለች፤ ድምፅዋ የእሷ አልነበረም። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የቅጹ ድምፅ ነው።

ከሥራዬ ሁሉ ያ ከበደኝ። እንጀራዋን አትርፌላታለሁ ብዬ ስፎክር ሌላ ነገሯን ነጥቄያት ኖሯል።

«ሰሚራ» አልኩ፣ «እኚህ ሰው እኮ ከመስቃን እንጂ ከአዲስ አበባ አይደሉም።»

«አንተም ከጉንችሬ ነኝ ብለኸኝ ነበር።»

«እሱ እውነት ነው!»

«እሱማ እውነት ነበር» አለች።

አፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈታ። ስለዚህ እጄን አሠራሁት። ፍራሹን አንሥቼ ራሴ ላይ አወጣሁት። ሽማግሌው ከፊት ያዙ፣ እኔ ከኋላ። ሃያ ዓመት በር ስሠራ ኖሬያለሁ፤ በር እንዴት እንደሚታለፍ ግን አላውቅም ኖሯል። ፍራሹ መሐሉ ላይ ታጥፎ መቃኑ ውስጥ ተሰነቀረ። እኔ ስገፋ ሽማግሌው ይወጣሉ፤ ፍራሹ ሲነጥር እኔ እመለሳለሁ። እንዲህ እየወጣንና እየገባን ሦስት ጊዜ ያህል ተመላለስን። ሽማግሌው፣ «ቤቱን ነው የሸጣችሁልኝ ወይስ ፍራሹን?» አሉ።

ከኋላዬ የባንኮኒው መዝጊያ ሲከፈት ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ጎንበስ በል! በሩን ልትነቅለው ነው እኮ! አባባ፣ እርስዎ በጎን! በጎን!» ሰሚራ ከሥር ገብታ መሐሉን በራሷ ቀና አደረገችው፤ ፍራሹ ተፈታና ሦስታችንም ከሥሩ ሆነን አስፋልት ላይ ወጣን። ባጃጅ ይጮህብናል፤ እኛ እንሮጣለን፤ እሷ ትስቃለች። ሲያዩን ስድስት እግር ያለው ፍራሽ መስለን ይሆናል።

መሐል መንገድ ላይ ሽማግሌው ከፊት ሆነው፣ «ኧረ ልጄ፣ ሱቁን ማን እያየልሽ ነው?» አሉ።

«አላህ» አለች ሰሚራ።

እኔ ከፍራሹ ሥር ስለነበርኩ ምንም አላየሁም።